መስኮት እያጠቡ ማርጀት ይቻላል?

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ፣

ዕድሜዬ 28 ነው። በግሌ መስኮት ማጠብ ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ወደ ኮምፒውተር አስገባ ነበር፤ ማታ ቤቴ ስገባ ምን እንደሠራሁ ለራሴ እንኳን መንገር ያቅተኝ ነበር። አሁን ጠዋት መሰላሌንና ባልዲዬን ይዤ እወጣለሁ፣ የሚያዝዘኝ የለም፣ ማታ ስገባ ስንት መስታወት እንዳጸዳሁ ቆጥሬ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል።

ችግሩ የመጣው በቅርቡ ነው። ላገባት ያሰብኳት ልጅ አባት ቤታቸው ጠርተውኝ ብዙ ስንጫወት ከቆየን በኋላ፣ «ሥራህ መልካም ነው፤ ግን እስከ መቼ?» አሉኝ። በንቀት አልነበረም፤ ለልጃቸው አስበው ነው። መልስ አጣሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ሆቴል የጽዳት ቡድን ተቆጣጣሪ አድርጎ በወር ደመወዝ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ ገለጸልኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «መስኮቱን ነገ በራሪ ማሽን ያጥበዋል፤ በሩ ሳይዘጋ ግባ» እያለ ይወተውተኛል።

እርስዎ ዕድሜዎን በዚህ ሥራ እንዳሳለፉ ከዚህ ዓምድ አውቃለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ሥራ ዕድሜ ልክ የሚያረካ ነው? ወይስ ጉልበቴ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል?

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ጎማ መጥረጊያውን ስቤ ስጨርስ በግራ በኩል፣ መስታወቱና ክፈፉ በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን የውሃ መስመር ይቀርብኛል። በጨርቅ ስጠርገው ይብስበታል። ምን ይሻለኛል?

የመሰላሉ ልጅ ነኝ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤህን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በመጨረሻዋ ጥያቄህ ላይ ነው፤ በውሃዋ መስመር። እርሷን ግን ለመጨረሻ አቆይቻታለሁ።

እኔ መስታወት ሳጥብ 26 ዓመት ሆነኝ። አሁን 57 ዓመቴ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እሠራለሁ፤ በቀሩት ቀናት ይህን ዓምድ እጽፋለሁ፣ ትከሻዬንም አሳርፋለሁ። የጀመርኩት ወድጄው አልነበረም። እሠራበት የነበረው የልብስ ንጽሕና መስጫ በድንገት ተዘጋ፤ እጄ ላይ የቀረው አንድ ባልዲ፣ አንድ የተዋስኩት መሰላልና የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሩን የሚከፍቱልኝ ሰዎች ከኋላዬ ወዲያና ወዲህ ይመለከቱ ነበር፤ ባለሙያው ሰውዬ የት ቀረ ብለው።

አጭሩ መልሴ፣ አዎን፣ እኔን አርክቶኛል የሚል ነው። ነገር ግን አንተ በጻፍካቸው ምክንያቶች አይደለም። አለቃ አለመኖሩና መስታወት ቆጥሮ መግባቱ የአምስት ዓመት ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያቆይህ ሌላ ነገር ነው፤ የሚያባርርህም እንዲሁ ሌላ ነገር ነው። ጉልበትህ ሲያልቅ ሥራው አብሮ ያልቅ እንደሆነ ጠይቀሃል። የሚያልቀው ጉልበትህን ብቻ እየሸጥክ ከቆየህ ነው።

መጀመሪያ አንድ መስኮት ላሳይህ። የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ሕመምተኞች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ አንድ ወጥ መስታወት አለው። በየአራት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ እደርሳለሁ። ማራሻውን በሳሙና ውሃ ነክሬ ዳር ዳሩን አስቀድማለሁ፣ መሃሉን አስከትላለሁ። ከዚያ 45 ሴንቲ ሜትሩን ጎማ አነሳና ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ከላይ ከጥጉ እጀምራለሁ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ይወርዳል፤ ጎማው ከመስታወቱ አይነሳም። ደኅና ጎማ ድምፅ የለውም። የሚጮኸው ወይ ሳሙናው ሲያንስ፣ ወይ ፀሐይ ቀድማ ስታደርቀው፣ ወይ ስለቱ ሲደነዝዝ ነው። ታች እስክደርስ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ያን ጊዜ ከውስጥ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ የተቀመጠው ሰው ቀና ይልና መንገዱን ያያል። እኔን አያየኝም። እኔን ሳያይ መንገዱን የሚያይባት ያቺ ቅጽበት የእኔ ናት።

ይህንኑ ለ26 ዓመት መደጋገም አይሰለችም? ይሰለቻል እንጂ! በስድስተኛው ዓመቴ ሰልችቶኝ ነበር። መሰልቸቱ በአንድ ቀን አልመጣም፤ መጀመሪያ ጥጎቹን በችኮላ ማለፍ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ጎማ መቀየሪያ ጊዜው ሲደርስ «ሌላ ሳምንት» ማለት ጀመርኩ፣ በመጨረሻም አንድ ደንበኛ «ዛሬ ታመሽ እንዴ?» አለችኝ። አልታመምኩም። እጄ ሥራውን ለምዶት አእምሮዬ ሥራ ፈትቶ ነው።

ከዚያ ያወጣኝ አስቸጋሪ መስታወት ነው። የአትክልት ማጠጫ ውሃ ለዓመታት ሲረጨው የኖረ አንድ መስኮት ነበር፤ ነጫጭ ነጠብጣብ ወርሶታል። በሳሙና ፈትጌ፣ ደርቆ እስኪያሳየኝ ጠብቄ፣ እንደገና ፈትጌ ምንም አልሆነም። ነገሩን ስጠይቅና ሳነብ የገባኝ ይህ ነው፦ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ እነርሱ መስታወቱ ላይ ይቀራሉ። ትኩስ ከሆኑ በሆምጣጤ ይለቃሉ። በፀሐይ እየደረቁ ብዙ ወራት ከቆዩ ግን ጉዳቱ ወደ መስታወቱ ገጽ ራሱ ይዘልቃል፤ ያኔ የሚያዋጣው በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት መወልወል ብቻ ነው። በኮንክሪት ግድግዳ ላይ ወርዶ መስታወት ላይ የሚፈስ የዝናብ ውሃም ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል፤ ከሲሚንቶው የሚያመጣው አልካሊ መስታወቱን ይበላዋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ እያንዳንዱን መስኮት ከማጠቤ በፊት ማየት ጀመርኩ፦ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት ታገኘዋለች። ከዚያ ወዲህ የሰለቸኝ ጊዜ ካለ ራሴን ስላስቸኮልኩ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥህ። ይህን ነጭ ነጠብጣብ ባንድ ጊዜ ያጠፋል ተብለው ከሚሸጡ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለባቸው። ጠርሙሱ ላይ ይህን ስም ካየህ መልሰህ አስቀምጠው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ ሥጋን ዘልቆ ይገባና በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቃል። የልብን ምት እስከ ማቆም ይደርሳል። አንድ መስኮት ቢቀር ይቅር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። በዘጠነኛው ዓመቴ ገና ተሠርቶ ያለቀ ሕንፃ እንዳጸዳ ተጠራሁ። መስታወቱ ላይ ቀለምና ሲሚንቶ ተረጭቶበታል፤ እኔም እንደ ልማዴ አርጥቤ በምላጭ ፋቅኩት። ሲያልቅ ያበራ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ከጎን ስታበራበት ባለቤቱ ጠራኝ፤ 11 መስታወቶች ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ረጃጅም ጭረቶች ተሰምረዋል። መስታወቶቹ በሙቀት የጠነከሩ ነበሩ። እንዲህ ያለው መስታወት በምድጃ ውስጥ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ በአየር በድንገት ይቀዘቅዛል። ምድጃው ውስጥ የሚያንሸራትቱት ተሽከርካሪ ዘንጎች በደንብ ካልተጠረጉ ደቃቅ የመስታወት ብናኝ ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ምላጩ ያንን ብናኝ ነቅሎ ከፊቱ ይዞት ይሄዳል፤ የሚጭረው ብናኙ ነው። ጥፋቱ በከፊል የአምራቹ ነበር። ግን ማን ይሰማኛል? ሥራው ሳይጀመር የተፈረመ ወረቀት አልነበረኝም። የ11ዱን መስታወት ዋጋ በሰባት ወር ከፍዬ ጨረስኩ። ዛሬ አዲስ ሕንፃ ስገባ መጀመሪያ ጥጉ ላይ የአምራቹን ማኅተም እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎ እርጥቡን ገጽ በጣቴ ጫፍ እዳስሳለሁ፤ አሸዋ አሸዋ ካለኝ ምላጭ አይነካውም፤ ባለቤቱም ሳይፈርምልኝ ባልዲዬን አልሞላም።

ይህን ታሪክ ያመጣሁልህ ላስፈራራህ አይደለም። ከዚያ ወር ጀምሮ ሰዎች የሚከፍሉኝ ስለ ክንዴ ሳይሆን ስለማውቀው ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። ዛሬ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ «መጥተሽ እይልን» ይሉኛል፤ አይቼ ምን እንደሚደረግ ተናግሬ እመለሳለሁ፤ ለማየቴ አስከፍላለሁ።

ስለ ሰውነትህ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ 28 ዓመት ሲሆኑ ይህን ማንም አይሰማም። በ14ኛው ዓመቴ የቀኝ ትከሻዬ ሌሊት ሌሊት መጠዝጠዝ ጀመረ። ለሁለት ወር ዝም አልኩት። አንድ ቀን ጠዋት ጸጉሬን ለማበጠር እጄን ሳነሳ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሐኪሙ የትከሻ ጅማት መቆጣት ነው አለኝ፤ ክንድን ከራስ በላይ አንስቶ ዓመታት የሠራ ሰው ሕመም ነው። አራት ወር ሥራ አቆምኩ። የግል ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው፤ እጄ ሲቆም ገቢዬም በዚያው ዕለት ቆመ። ደመወዝተኛ ብሆን ኖሮ የሕመም ፈቃድ ይኖረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። ከአንድ ፎቅ በላይ ላለው መስኮት ባለ ቱቦ ዘንግ ገዛሁ፤ ጫፉ ላይ ብሩሽ አለው፣ የሚረጨው ውሃ ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ነው። በውሃው ውስጥ የቀረውን ማዕድን በምትለካዋ መሣሪያ ላይ ዜሮ ሲነበብ ውሃው ሲደርቅ የሚተወው ነገር የለም፤ ስለዚህ ጎማም ጨርቅም አይፈልግም፣ ረጭተህ ትተኸው ትሄዳለህ። ከመሰላል አወረደኝ። ትከሻንም ያሳርፋል፤ አንገትን ግን ያደክማል፣ ይህን ሻጮቹ አይነግሩህም። በእጅ የምሠራውን ደግሞ በግራ እጄ መሥራት ተለማመድኩ። ስድስት ወር ፈጀብኝ፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ሕፃን ነበርኩ። አንተ ዛሬውኑ ጀምረው፤ ቢያንስ በቀን አንድ መስኮት በግራ እጅህ።

መሰላልህን በሚመለከት አራት ለአንድ አትርሳ። የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከሁለት እግርህና ከሁለት እጅህ ሦስቱ ሁልጊዜ መሰላሉን ይንኩ። የማይደረስበትን ጥግ ለመድረስ ሰውነትህን አትዘርጋ፤ ውረድና መሰላሉን አዛውረው። ይህን የምለው ሁሉም ሰው ስለሚለው አይደለም፤ አብረውኝ ከጀመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሥራውን ያቆመው ስለሰለቸው አልነበረም፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ ጎን ስለተንጠራራ ነው። ሦስተኛው ደረጃ! ከጠረጴዛ ብዙም አይበልጥም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የዕድሜ ልክ ሥራ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤህ ውስጥ ስለ ደንበኞችህ አንድ ቃል የለም። ስለ መስታወት ጽፈሃል፣ ስለ ጠዋት ጽፈሃል። ስለዚህ ልጠይቅህ፦ ከደንበኞችህ ሳትደውልላቸው በቀኑ መጥተህ የምታጥብላቸው ስንቱ ናቸው? እኔ 62 ቋሚ ደንበኞች አሉኝ። 9ኙ ሱቆች ናቸው፣ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። 31ዱን በየአራት ሳምንቱ፣ 22ቱን በየስምንት ሳምንቱ። ሲከፋፈል በቀን ስድስት ሰባት በር ይደርሰኛል። ሁሉም በአንድ የተጎሳቆለ ደብተር ውስጥ አሉ፦ ቀኑ፣ የመስኮቱ ብዛት፣ የትኛው በር ላይ ውሻ እንዳለ፣ የትኛው መስታወት ጥጉ ላይ ስንጥቅ እንዳለውና መቼ እንዳየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠሩህ ሰዎች መልካም ገንዘብ ይሰጡሃል፤ ግን በየወሩ መጀመሪያ እንደ አዲስ ሥራ ፈላጊ ያደርጉሃል። ይህ ነው ሰውን በአርባ ዓመቱ የሚያደክመው።

በ11ኛው ዓመቴ ከገቢዬ 40 በመቶውን የሚሰጠኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ ነበር። ኩራቴ ነበር። አንድ ቀን በሦስት መስመር ደብዳቤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ድርጅት እንደሚያጸዳው ነገሩኝ። ሰላምታ እንኳን አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ደንበኛ ከገቢዬ አንድ አምስተኛ በላይ እንዲይዝ አልፈቅድም፤ ትልቅ ሥራ ሲመጣ ግማሹን ብቻ የወሰድኩበት ጊዜም አለ።

ዋጋህን በሰዓት አትቁጠር። በመስኮት ቁጠር። በሰዓት ከቆጠርክ በፈጠንክ ቁጥር የምትቀጣው ራስህን ነው፤ አራት ዓመት የተማርከው ፍጥነት ለደንበኛው ቅናሽ ይሆናል። በየዓመቱ ጥቂት ጨምር፤ ከአንድ ወር በፊትም አሳውቃቸው። መጀመሪያ ስጨምር እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ወረቀቱን የሰጠኋቸው፤ ከአርባ ምናምን ሰዎች የተውኝ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሁልጊዜ ዘግይተው የሚከፍሉ ነበሩ። ከምታገኘው ከአሥር አንዱን ለሕመም ቀን፣ ከአሥር አንዱን ለእርጅና ለይ፤ ግብሩን ደግሞ ከነዚህ ጋር ሳትቀላቅል ገና እንደተከፈለህ አስቀምጥ። ሰው መስታወት ሰበርክ ቢልህ የሚከፍል፣ አንተም ብትወድቅ የሚያሳክም የኢንሹራንስ ውል ይኑርህ። ይህን በ14ኛው ዓመቴ ሳይሆን በአራተኛው ዓመቴ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያን አራት ወር በብድር አላልፈውም ነበር።

ስለ ሆቴሉ፦ ተቀበል ወይም ተው አልልህም፤ የሚያስፈልገኝን ሁሉ አልጻፍክልኝም። ዕዳ ካለብህ፣ ወይም ትዳሩ ከመጪዎቹ ጥቂት ወራት የማያልፍና መነሻ ገንዘብ የሌለህ ከሆነ፣ ደመወዝ ማለት ደመወዝ ነው፤ አያሳፍርም። ነገር ግን የጽዳት ተቆጣጣሪ መስታወት አይነካም። የሰው ፈረቃ ይደለድላል፣ የቀረ ሰው ይፈልጋል፣ ቅጽ ይሞላል። አንተ ከቢሮ የወጣኸው ማታ ምን እንደሠራህ ማወቅ ስላቃተህ ነው ብለሃል። ወደዚያው የሚመልስህ መንገድ እንዳይሆን ሥራውን አንድ ሙሉ ቀን ቆመህ እየው። እንድታይ ካልፈቀዱልህ ይህም ራሱ መልስ ነው።

ጓደኛህ ስለ ማሽን የሚለው ውሸት አይደለም። በድሮን ውሃ እየረጩ ፎቅ የሚያጥቡ አሉ፤ በገመድ እየወረዱ የሚፈትጉ ሮቦቶችም አሉ። የሚያዋጡት ለረጅምና ለጥ ላለ የሕንፃ ፊት ነው። 828 ሜትር ርዝመት ያለው ቡርጅ ካሊፋ እንኳን የራሱ የማጠቢያ መሣሪያዎች ተገጥመውለት፣ እነርሱ ላይ ቆሞ የሚያጥበው አሁንም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ አምራች ራሱን የሚያጸዳ መስታወት ገበያ ላይ ሲያወጣ እኛም የእንጀራ ገመዳችን ተበጠሰ ብለን ነበር። መስታወቱ በስስ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቆሻሻውን ይሰባብረዋል፣ ዝናቡ ደግሞ ነጠብጣብ ሳይሠራ ተንጣልሎ ያጥበዋል። ይህ መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቤቶች ደንበኞቼ ናቸው። በጣሪያው ክፍክፍ ሥር ያለው፣ ዝናብ የማይነካው ክፍል ይቆሽሻል። የውስጠኛው ገጽ ደግሞ ሽፋኑ የለውም፤ የልጆች ጣት ደግሞ ያለው ከውስጥ ነው።

አንተ የያዝካት ጎማ መጥረጊያስ? ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ፣ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የሄደ መስኮት አጣቢ እ.ኤ.አ. በ1936 በናስ የተሠራች፣ ቀላል፣ አንድ የጎማ ስለት ብቻ ያላት መጥረጊያ አስመዝግቦ የፈጠራ መብት አገኘባት። ከእርሱ በፊት የነበረው ከባድና ጎማውን ለመቀየር ብዙ ብሎን የሚያስፈታ ብረት ነበር። ዛሬ በእጄ ያለችውን ብታሳየው ኖሮ ማንነቷን አይስትም።

ስለ ልጆች ጣት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቤት አለ። ለ19 ዓመት በየስምንት ሳምንቱ የማጥበው ነው። ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የመስታወት በር አለው። መጀመሪያ ስሄድ የትናንሽ እጆች አሻራ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ከንፈርም ነበረበት፣ መስታወቱን የሚልስ ልጅ ነበር። ከዓመታት በኋላ አሻራው ወገቤ ደረሰ፣ ከዚያ ደረቴ፣ ከዚያ በሩን በእጀታው የሚከፍት ሰው ሆነና አሻራው ጠፋ። ለአምስት ዓመት ያህል ያ በር ምንም ሥራ አልነበረውም። ባለፈው ዓመት ሄጄ ስጎነበስ፣ ጉልበቴ ላይ እንደገና አምስት ጣት ተለጥፎ አገኘሁ። የልጁ ልጅ ሊሆን አይችልም፣ ገና ወጣት ነው፤ ታላቅ እህቱ ልጇን ይዛ ለጥየቃ መጥታ ኖሯል። ያን ጠዋት ያን አሻራ ለማጽዳት ትንሽ ዘገየሁ። ስንት መስታወት እንዳጠብኩ መቁጠር የተውኩት እንዲህ ባሉት በሮች ምክንያት ነው።

የወደፊት አማትህን ጥያቄ አትቀየማቸው። «እስከ መቼ?» ያሉህ ሰው የሚጠይቁት ስለ መስታወት አይደለም፤ ልጃቸው አንተ የታመምክ ዕለት ምን እንደምትሆን ነው። «ሥራዬን እወደዋለሁ» ብለህ አትመልስላቸው፤ ፍቅርህን አልተጠራጠሩም። ደብተርህን ይዘህ ሂድ። ቋሚ ደንበኞችህን ቁጠርላቸው፣ ለሕመም ቀን ያስቀመጥከውን አሳያቸው። የምታሳየው ነገር ከሌለህ ደግሞ ስድስት ወር ለምነህ ተመለስና ሥራ።

አሁን የውሃዋ መስመር። በግራ በኩል ብቻ መሆኑ ቀኝ እጅ መሆንህን ይነግረኛል። ወደ ግራ ስትደርስ የእጅ አንጓህን አዘግይተህ ስለምታዞረው የጎማው የታችኛው ጫፍ ለቅጽበት ይነሳል፤ ውሃው በዚያች ክፍተት ይቀራል። ክፈፉ ሳትደርስ፣ አራት ጣት ያህል ሲቀርህ መዞር ጀምር። ሁለተኛ፣ መሳብ ከመጀመርህ በፊት በግራው ዳር ከላይ እስከ ታች አንድ ጣት የሚያክል ደረቅ መስመር አውጣ፤ ደረቅ ጨርቅ በአመልካች ጣትህ ላይ ጠቅልለህ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ሳብ። ጎማው ከዚያ ደረቅ መስመር ላይ ሲነሳ የሚተወው ውሃ አይኖርም። ሦስተኛ፣ ጎማው ከብረቱ ጫፍ በሁለቱም በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንዳለ እየው፤ እኩል ተቆርጦ ከሆነ ብረቱ ክፈፉን ይነካና ጎማውን ከመስታወቱ ያርቀዋል። የሚብስብህ ጨርቁ እርጥብ ስለሆነ ነው፤ ለዳሩ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ጨርቅ በሌላ ኪስህ ያዝ፣ ለሌላ ነገር አትንካው። ይህን ሁሉ አድርገህ መስመሯ ከተመለሰች ውሃው የሚመጣው ከክፈፉ ውስጥ ነው፤ እንጨት ነው ወይስ አሉሚኒየም? ጻፍልኝ።